የማን ሚስት ነሽ?

ሰው ፊት መናገር የማልችል ሰው ነበርኩ። ወሬዬን ከዚህ የምጀምረው የደረሰው ነገር ሁሉ ከዚሁ ጋር ስለሚያያዝ ነው። በሕግ ትምህርት ቤት የችሎት ልምምድ ሲደረግ፣ ተራዬ ሲደርስ ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን አስተማሪያችን ጠብቀው ጠብቀው «ወይዘሪት ጽጌ ደንበኛዋን በጸሎት እየረዳች ነው» ቢሉ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እራቴን ግን አልበላሁም።

ስለዚህ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ስንደለደል አሰላ ቢደርሰኝ ደስ አለኝ። አባቴ ሁሩታ ላይ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ እገባለሁ። ደግሞም የተመደብኩበት ፍርድ ቤት የሰጠኝ ሥራ ከሰው ጋር ሳይሆን ከወረቀት ጋር ነበር። አዲስ አበባ ያለው የበላይ ፍርድ ቤት፣ ከልክ በላይ የዘገዩ ክርክሮች ከነምክንያታቸው ተለይተው እንዲላኩለት ያዝዝ ነበር። በተለይ የንግድ ማኅበሮችን ክርክር አጥብቆ ይከታተላል፤ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ንብረቱ ታሽጎ ስለሚቆይ። ዋና ጸሐፊው የዘገየበትን ምክንያት ከመዝገቡ ያነቡልኛል፤ እኔ በታይፕ እመታለሁ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ከመዝገቦቹ ሁሉ ወፍራሙ የወፍጮ ቤቱ ነበር።

ከዲር ሮባ የሚባል የአገሩ ተወላጅ እህል ነጋዴና ከስልጤ መጥተው አሰላ ላይ ሱቅ የከፈቱ አቶ በድሩ የሚባሉ ሰው፣ ከከተማው ዳር ወፍጮ ለመትከል የሽርክና ማኅበር አቋቁመው ነበር። ወዳጅነታቸው ከሽርክናው ይቀድማል ይባላል፤ ከአንድ ትሪ የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። ውላቸው ውስጥም «ከሁለት አንዳችን ብንሞት ሚስቱ በችሎት ቀርባ ሚስትነቷን ስታረጋግጥ በእግሩ ትተካለች» የሚል ቃል አስገቡ። ከጊዜ በኋላ ከአቦምሳ እህል ጭኖ የሚመጣ መኪና ተገለበጠና ከዲር ሞተ። አቶ በድሩ ማኅበሩ ይፍረስልኝ ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱም ነገሩ እስኪለይ ወፍጮ ቤቱን አሸገ።

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ሻሾ የምትኖረው እዚያው ወፍጮ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል ነበር። ልጅ አልወለዱም። ማኅበሩ ከፈረሰ ግቢው ይሸጣል፣ እሷም ትወጣለች፤ በባሏ ቦታ ከተተካች ትኖራለች። ጉዳዩ ይኸው ነው። ይህን ለመወሰንም ዳኛው አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ነበረባቸው።

«የማን ሚስት ነሽ?»

የአቶ በድሩ ጠበቃ አቶ መኮንን፣ ቀጠን ያሉ፣ አንደበታቸው የሚጥም ሰው ናቸው። ሟቹ አቦምሳ ላይም ሌላ ሚስት እንደነበረው ይወራል አሉ፤ ስለዚህ ይህችኛዋ የባሏን ስም ከነአባቱ ጠርታ በራሷ አፍ ታስመዝግብ። ተገቢ ጥያቄ ይመስላል። ዳኛው ጠየቋት። ዝም አለች። በመዝገቡ ላይ «ተከሳሽ ለቀረበላት ጥያቄ መልስ ባለመስጠቷ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» ተብሎ ተጻፈ። በሌላው ቀንም እንዲሁ። ዳኛው ተዛወሩ፣ ሌላ መጡ፤ እሳቸውም ተዛወሩ። መዝገቡን ሳገላብጠው የእጅ ጽሑፉ ይለዋወጣል እንጂ ቃሉ አንድ ነው።

ከአገሬው ጋር ላደገ ሰው ግን ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ጊዜ ችሎት ውስጥ ማየት ይበቃዋል። በአርሲ ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። ለጉ ይሉታል። ሁሩታ ከአጥራችን ማዶ የነበረች ሙሽራ፣ የአማቷን ስም ብቻ ሳይሆን እሱን የሚመስሉትን ቃላት ሁሉ ትታ፣ በምትካቸው ሌላ እያለች ታወራ ነበር። እኛ ልጆቹ ልናሳስታት ብዙ ደከምን፤ አንድ ቀን እንኳ አላመለጣትም። ፍርሃት አይደለም፤ እዚያ ቤት ያላት ክብር ያረፈው እዚያ ላይ ነው። በችሎት ደግሞ የባል ስም ከነአባቱ ነው የሚጠራው። ሻሾ ከዲርን እንደምንም ብትለው እንኳ ቀጥሎ ሮባ ማለት አለባት። ሮባ አማቷ ናቸው። በሕይወትም አሉ።

ይህን የፍርድ ቤቱ በረንዳ ሁሉ ያውቀዋል። አስተርጓሚያችንን አቶ ሁሴንን፣ ቀልድ የማያልቅባቸውን የአሰላ ልጅ፣ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ጠየቅኋቸው።

«ለዳኞቹ ለምን አትነግሯቸውም ታዲያ?»

«አንድ ጊዜ ስሙን እኔ ልጥራላት ብዬ አፌን ስከፍት ጠበቃው ብድግ አለ። ‹አስተርጓሚው ይተርጉም እንጂ አይመስክር› አለ። ዳኛውም ‹እውነቱን ነው› አሉ። በቃ፤ አስተርጓሚ የራሱ አፍ የለውም፣ ወይዘሪት።» ቀና ብለው በረንዳው ላይ የተቀመጠችውን ሻሾን አዩ። «እሷ ዝም ትላለች፣ እኔም ዝምታዋን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ከሁሉም የሚቀለኝ እሱ ነው።»

ለዋና ጸሐፊውም ነግሬያቸው ነበር፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። አልተቆጡም። «ወይዘሪት፣ እሱ ባህል ነው» አሉኝ። «እዚህ ዓምድ ውስጥ የሚጻፈው ምክንያት ነው።»

ክረምቱ በገባ ሰሞን የበላዩ ፍርድ ቤት ወረቀቱ አልበቃ ብሎት አንድ ተቆጣጣሪ ዳኛ ላከ። ሽበታም፣ ሳል የያዛቸው፣ ወፍራም ካፖርታቸውን ቢሮ ውስጥም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። የእኛው ዳኛ አሰፋ ከጎጃም ተዛውረው ከመጡ ገና ጥቂት ጊዜያቸው ነው። ሁለቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ እኔ ከጎን ሆኜ መዝገቦቹን እያቀበልኩ የተቆጣጣሪውን ትእዛዝ እጽፋለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ጮክ ብለው ነበር የሚናገሩት።

የወፍጮ ቤቱ ተራ ደረሰ። ተቆጣጣሪው ገጾቹን ገለጡ፣ ገለጡ፣ አሁንም ገለጡ።

«ምንድን ነው ይሄ? አንድ ጥያቄ ነው እኮ።»

«አትመልስም» አሉ ዳኛ አሰፋ። «ጤነኛ ናት፣ ትሰማለች፣ ቀጠሮም ቀርታ አታውቅም። ግን አትመልስም።»

«የንግድ ክርክር እንዲህ ሲጎተት ንግዱ ራሱ ይሞታል። የምትፈርዱት በሬሳ ላይ ይሆናል።» ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፊ። ተከሳሽ ነገ ጠዋት ቀርባ መልስ እንድትሰጥ፤ ባትሰጥ በማኅበሩ ውስጥ መብት እንደሌላት ተቆጥሮ ውሳኔ እንዲሰጥ።»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። እጄ አልሄድ አለኝ።

«ጻፍሽው?»

«አልጻፍኩትም።»

«ምን ሆንሽ?»

ዝናቡ በላዬ ላይ የሚወርድ መሰለኝ። ዳኛ አሰፋ በዓይናቸው ጻፊ ይሉኛል። ጉሮሮዬ ያው እንደ ድሮው ተዘጋ። ያን ጊዜ የታሰበኝ ሌላ ነገር አይደለም፤ በረንዳው ላይ ያለችው ሴት ናት። እሷ አፏን የዘጋችው በክብር ነው፤ እኔ ግን ምንም የሚከለክለኝ ነገር የለም።

«ክቡር ዳኛ፣ ነገም አትመልስም» አልኩ።

«እምቢተኛ ናት?»

«አይደለችም። የባሏን ስም ከነአባቱ ጥሪ ነው የምትባለው። አባትየው አማቷ ናቸው። እዚህ አገር ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። ብትጠራ… ብትጠራ እንደ ነውር ነው። ከዚያ ቤት እንደ መውጣት ነው።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ፣ አንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እያልኩ።

«ይሄ መዝገቡ ላይ የለም» አሉ ዳኛ አሰፋ፣ ቀስ ብለው።

«መዝገቡ ላይማ የለም።» ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን አወለቁ። «ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቼ ክርክሩን ላፋጥን ነው ብዬ ሴትዮዋን ላባርር ነበር ማለት ነው። አማትየው በሕይወት ካሉ ለምን በምስክርነት አልተቆጠሩም? የአባትን ቃል ማን ጠበቃ ይቃወማል?»

«ምስክር ለመቁጠር ስም ማስመዝገብ ያስፈልጋል» አልኩ።

ይህን ስል ፊታቸውን በመዳፋቸው አሹት።

«ነገ ከምሳ በኋላ እሄዳለሁ» አሉ። «እዚሁ ሳለሁ ሽማግሌው ይቅረቡ። ላንድሮቨሩን ውሰጂና አስተርጓሚውን ይዘሽ ሂጂ።»

ሻሾ እንደ ወትሮዋ በረንዳው ጥግ፣ የመጨረሻውን ምሰሶ ተደግፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ በኦሮምኛ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። ፊቷ ጠቆረ።

«እሳቸውን አታምጡብኝ።»

«ለምን፣ እትዬ ሻሾ?»

«መንግሥት ነው የሚያዘገየው እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን ‹የሚያዘገየው ስምዎ ነው› ብዬ ልንገራቸው? ሽማግሌ ናቸው፣ ታመዋል። ይህን ሰምተው እንዴት ይተኛሉ?»

«ነገ ካልመጡ ግን ይፈረድብሻል።»

አቶ ሁሴን ከኋላዬ ቆመው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልዱ ሰማኋቸው።

«ሻሾ፣ ያን ግቢ ያቆመው ልጃቸው ነው። ሲሸጥ አይሰሙም ብለሽ ነው?»

ዝናቡን ብዙ አየች። «እኔ አብሬ አልሄድም» አለች በመጨረሻ። «እኔ እንዳልላክኋችሁ ንገሯቸው።»

መንገዱ ወደ ጭላሎ ተራራ ነው። የገብሱ ማሳ ገና ለጋ ነበር፤ ከላዩ ጉም ተኝቶበታል። ላንድሮቨሩ ጭቃ ውስጥ እየዋኘ ወጣና መኪና ከማይሄድበት ስንደርስ ወርደን በእግር ቀጠልን። አቶ ሁሴን ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። «የአዲስ አበባ ዳኛ እዚህ ድረስ ቢወጡ አንድም የዘገየ ክርክር አይኖርም ነበር፤ ሁሉንም ይተዉታል» አሉ።

ሽማግሌው እሳቱ አጠገብ መደብ ላይ ጋደም ብለዋል። ሰውነታቸው አልቆ እጃቸው ብቻ ትልቅ ሆኗል። መቁጠሪያቸውን እያንሸራተቱ ሰላምታችንን አንድ በአንድ ተቀበሉ። የከብቱን፣ የሰብሉን፣ የከተማውን ደህንነት ጠየቁ። ከዚያ «ሻሾስ?» አሉ።

«ደህና ናት» አሉ አቶ ሁሴን።

«በየገበያው ቀን ዱቄት ትልክልኛለች። ወፍጮዋ እንደታሸገ አውቃለሁ። ከየት እንደምታስፈጨው ግን አልነገረችኝም።» ሳቅ አሉ። «ይሄ መንግሥታችሁ ምን ሆኖ ነው የማይፈርድላት? እኔ እዚህ ተኝቼ እረግመዋለሁ።»

አቶ ሁሴን ወደ እኔ ዞሩ። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ቃል የተሸከሙ ሰው ይህን አንዱን መሸከም አቃታቸው። እኔ ተናገርኩ።

«አባባ፣ ዳኛው ‹የማን ሚስት ነሽ› ይሏታል። ስሙን ከነአባቱ ተናገሪ ይሏታል። እሷ ዝም ትላለች። በዚህ የተነሳ ቀጠሮ ይሰጣል።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ቀጥሎ ጣቶቻቸው መቁጠሪያው ላይ ቆሙ።

«በኔ ስም?»

«አዎ።»

«ልጄ ከሞተ ጀምሮ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እኔም እዚህ መንግሥትን እረግማለሁ» አሉ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ምርኩዛቸውን ፈለጉ። «ፈረሱን ጫኑልኝ በሏቸው።»

«ዛሬ አይደለም፣ ነገ ጠዋት ነው። መኪናው እስከ ታች ይመጣልዎታል።»

«መኪና ልጄን በልቷል። በፈረሴ እመጣለሁ።»

ለመንናቸው። ዝናቡን፣ ብርዱን፣ ሕመማቸውን እየጠራን ለመንናቸው። እንደ እንግዳ በትሕትና ሰሙን፤ ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ አላባራም። ችሎቱ ከመጀመሩ በፊት ከበረንዳው ላይ ሆነን መንገዱን እናይ ነበር። አቶ በድሩና ጠበቃቸው ቀድመው ገብተዋል። ሻሾ ምሰሶዋን ተደግፋ ቆማለች። ከዚያ ከታች፣ ከዝናቡ ውስጥ፣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ የደገፉት ፈረስ ብቅ አለ። ሽማግሌው ኮርቻው ላይ ጎብጠዋል። ጋቢያቸው ውሃ ጠጥቶ ከሰውነታቸው ተጣብቋል። ሻሾ እንዳየቻቸው ሻሿን ግንባሯ ድረስ ሳበችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አማት ሲያልፍ እንዲህ ነው የሚደረገው። እሳቸውም ወደ እሷ ሳያዩ አለፉ።

ወንበር ተሰጣቸው። ዳኛ አሰፋ ከመሃል ተሰየሙ፤ ተቆጣጣሪው ከጎን ተቀመጡ። አቶ መኮንን ተነሱ።

«ክቡር ዳኛ፣ የዛሬው ቀጠሮ ለተከሳሽ መልስ እንጂ ለአዲስ ምስክር…»

«ይቀመጡ፣ አቶ መኮንን» አሉ ተቆጣጣሪው። «የርስዎ ቀጠሮ ይበቃል።»

ዳኛ አሰፋ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «ስምዎ ማን ይባላል?»

«ሮባ።»

ከበሩ አጠገብ የቆመችው ሻሾ አንገቷን ሰበረች።

«ይህች ሴት የማን ሚስት ናት?»

«የልጄ። የከዲር።»

«ልጅዎ አቦምሳ ላይ ሌላ ሚስት እንደነበረው ተነግሯል።»

አቶ ሁሴን ሲያስተረጉሙላቸው ሽማግሌው ለዳኛው አልመለሱም። ቀስ ብለው ወደ አቶ በድሩ ዞሩ።

«በድሩ፣ አንተ ሚዜው ነበርክ። አቦምሳም አብራችሁ ነበር የምትሄዱት። ንገራቸው።»

አቶ በድሩ መሬት መሬቱን እያዩ ቆዩ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ትከሻቸው የልጅ መሰለኝ።

«አልነበረውም» አሉ።

«ታዲያ ለምን ጠየቅሃት?»

«እኔ አልጠየቅኋትም፣ አባባ። ጠበቃው ነው።»

«አንተ ግን አጠገቡ ተቀምጠህ ትሰማ ነበር።»

አቶ ሁሴን ይህን ቃል ወደ አማርኛ ሲመልሱት በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር፤ ማንም ድገም አላላቸውም።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ለመነሳት ሞከሩ። አቅቷቸው ተቀመጡ። ተቀምጠውም ወደ በሩ ሳያዩ ተናገሩ። «ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሜን ጥሪው። በነዚህ ሁሉ ፊት ፈቅጄልሻለሁ። ቤት የሚያስለቅቅሽ ስም ለኔ ምን ያደርግልኛል?»

ዳኛ አሰፋ ጠበቁ። «ልትናገሪ ትችያለሽ?» ሲሉ ጠየቋት፣ በለሆሳስ። ሻሾ ራሷን ነቀነቀች። አይሆንልኝም ማለቷ ነበር።

«አያስፈልግም» አሉ ተቆጣጣሪው።

ውሳኔው እዚያው ተነበበ። ሻሾ በባሏ ቦታ ተተካች፣ ማኅበሩ ይቀጥላል፣ ወፍጮ ቤቱ ይከፈታል። ይህን ሁሉ ለማንበብ የፈጀው ጊዜ የተከራካሪዎቹን ስም ከበረንዳ ጠርቶ ከማስገባት አይበልጥም። ተቆጣጣሪው ወረቀታቸውን ሰብስበው ካፖርታቸውን ቆለፉና በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ። «ትናንት ጽፈሽው ቢሆን ኖሮ» ብለው ጀመሩ፤ ሳላቸው ያዛቸውና ሳይጨርሱት ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ እሽጉን ለመስበር ከፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ጋር እኔም ሄድኩ። በሩ አልከፈት ብሎ በትከሻ ተገፋ። ውስጡ የእርጥበትና የአይጥ ሽታ ነበር። ሞተሩ ዝጓል፤ ወፍጮውን የሚያዞረውን ቺንጋ አይጥ በልቶት እንደ አሮጌ ጅራፍ ተንጠልጥሏል። የወፍጮው አፍ ላይ ከከዲር ዘመን የቀረ ገብስ በቅሎ ነጭ ሥር አውጥቷል። አቶ በድሩ ኮታቸውን አውልቀው መዘውሩን በእጃቸው ለማዞር ታገሉ። አልተንቀሳቀሰም።

«ይሠራል» አሉ፣ እያለከለኩ። «ከናዝሬት መካኒክ አመጣለሁ። ይሠራል።»

ለማን እንደሚናገሩ አልገባኝም። ሻሾ የበቀለውን ገብስ በጣቷ እየነካች ነበር።

ሽማግሌው በዚያው በፈረሳቸው ተመለሱ። መኪናውን ያን ቀንም እምቢ አሉ። እቤታቸው ሲደርሱ ብርዱ ከደረታቸው ገብቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ለቅሶ ስሄድ ወንዶቹ ለቀብር ወጥተዋል፤ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ተሰብስበው እያለቀሱ ስማቸውን ይጠራሉ። እህታቸው ትጠራቸዋለች፣ የእህታቸው ልጆች ይጠሯቸዋል፣ ጎረቤቶች ይጠሯቸዋል። ሻሾ መሃላቸው ተቀምጣ ስም ሳትጠራ ታለቅሳለች። ፈቅደውላት ነበር፤ ሁላችንም ሰምተናል። አጠገቧ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አልጠራቻቸውም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የውሳኔውን ግልባጭ ልትወስድ መጣች። አብሬያት ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ሄድኩ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ጸሐፊ አንገቱን ደፍቶ ሌላ ወረቀት ይጽፋል።

«ግልባጩ ለማን ነው? የማን ሚስት?» አለ፣ ቀና ሳይል።

አፌን ከፈትኩ፤ አሁን እችላለሁና ልመልስላት ነበር። ሻሾ እጇን ክንዴ ላይ አደረገች። በሌላው እጇ መስኮቱን ያዘች። ከንፈሯ ብዙ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በቀጭን፣ የሌላ ሰው በሚመስል ድምፅ፣ «የከዲር ሮባ» አለች።

«ማን?» አለ ጸሐፊው። አሁንም እየጻፈ ነው።

ክንዴ ላይ ያረፈው እጇ ሲጨብጠኝ ተሰማኝ።

«የከዲር ሮባ።»

ጻፈው። ማኅተሙን መታና ወረቀቱን በመስኮቱ ገፋው። ሻሾ አጣጥፋ ከሻሿ ጫፍ ቋጠረችው። በረንዳው ላይ ስንወጣ ምሰሶዋ ሥር ተቀመጠች።

«ሁለቴ አስጠራኝ» አለች።

የዚያን ወር ዝርዝር ለበላዩ ፍርድ ቤት ስናዘጋጅ የወፍጮ ቤቱ ክርክር ካለቁት ጋር ገባ። ዋና ጸሐፊው የዘገየበትን ምክንያት ከመዝገቡ አነበቡልኝ፤ «ተከሳሽ መልስ ባለመስጠቷ»። እኔ «ፍርድ ቤቱ በሌላ መንገድ ባለመጠየቁ» ብዬ መታሁት። አንብበውት ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ፈረሙበት። አዲስ አበባ ማን እንዳነበበው፣ ማንም ያንብበው አያንብበው፣ አላውቅም።

ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት እናንተም አንድ ቀን ከጠረጴዛ ወይም ከመስኮት ጀርባ ትቀመጡ ይሆናል። ተቆጣጣሪው ዳኛ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የእኛም ዳኞች አልነበሩም። ሁሉም የሚጠይቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ የሚቸኩሉትም ለእሷ ብለው ነው። ሆኖም ፍርዱ እጇ በገባ ጊዜ ወፍጮው ዝጎ፣ ያ ስም ባለቤቱን አጥቶ ነበር የቆያት። ወፍጮው ከናዝሬት በመጣ መካኒክ ተጠግኖ ይሠራል አሉኝ። ሌላውን የሚጠግን አላየሁም።

እኔ አሁን ትምህርቴን ልጨርስ ተመልሻለሁ። ሰው ፊት ስናገር ዛሬም ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ይወጣል። ጓደኞቼ የሚስቁብኝ በሌላ ነገር ሆኗል። ሰው ስሙን ስጠይቅ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ፣ ቀና ብዬ፣ ፊቱን አይቼ ነው የምጠይቀው። አንድ ጊዜ ከነገረኝም አላስደግመውም።